የድሮ ቤት የብሬከር ሳጥን፦ 63 አምፔር መትከል ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ጥያቄው የመጣው ከአቃቂ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦

«አባቴ በ1970ዎቹ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ በኋላ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል። ከቆጣሪው ቀጥሎ እንጨት ላይ የተመቱ ሦስት ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች አሉ። ምጣድ ስንጥድ መብራቱ ይደበዝዛል። ቦይለሩ አብሮ ከበራ ደግሞ ፊውዙ ይቃጠላል። ጓሮ ሁለት ክፍል አከራይተናል፤ ተከራዮቹም ስቶቭ አላቸው። አንድ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ‹ፊውዙን ነቅለን 63 አምፔር ብሬከር እንተክላለን፤ ከዚያ በኋላ አይቸገሩም፣ ቆጣሪውም ይቀንሳል› አለኝ። ሌላው ‹ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካላስገቡ ዋጋ የለውም› ይላል። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ምክር ቤት ያቃጥላል። ሁለተኛው ገንዘብዎን ይበላል እንጂ ችግሩን አይነካውም።

ከ63ቱ ልጀምር። ብዙ ሰው ብሬከር ለቤቱ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ ይመስለዋል። ትልቅ ብሬከር ከተተከለ ብዙ ኃይል የሚገባ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ብሬከር ዘበኛ ነው። የሚጠብቀውም ምጣዱን ወይም ፍሪጁን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ያጠፋል። ስለዚህ የብሬከሩን ቁጥር የሚወስነው የሽቦው ውፍረት ነው፤ የቤቱ ፍላጎት አይደለም።

በዚያ ዘመን በተሠሩ ቤቶች ወደ ኩሽና የሚሄደው ሽቦ ቢበዛ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 1.5 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ባለ 2.5 ሽቦ የሚስማማው ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ነው፤ ግፋ ቢል 20። እሱ ላይ 63 ተከሉ እንበል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የቤት ብሬከር ከቁጥሩ 13 በመቶ ያህል ቢያልፍበት ለአንድ ሰዓት ዝም ማለት ይፈቀድለታል። ማለትም 63ቱ 71 አምፔር እያሳለፈ ለአንድ ሰዓት ላያጠፋ ይችላል። ብሬከሩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ሽቦው ግን እየበሰለ ነው። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። በእርስዎ ቤት ደግሞ ያ ሽቦ ያለፈው በጭድ በተቦካ ጭቃና በእንጨት ማገር መካከል ነው። እዚያ ውስጥ የጀመረ እሳት ቶሎ አይነድም። ሲጨስ ውሎ ሌሊት ነው የሚወጣው።

አሁን «አስቸገረኝ» የሚሉት ፊውዝ እንግዲህ ሥራውን እየሠራ ነው። ስሌቱን ይመልከቱት። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ባለ 1500 ዋት ቦይለር ወደ 7 ይጨምራል። አንድ ላይ 23 ሆኑ። በአንድ ቀጭን መስመር ላይ 23 አምፔር ሲያልፍ ፊውዙ ባይቃጠል ነበር መደንገጥ የሚገባዎት።

በነገራችን ላይ፣ ያ ፊውዝ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያሳዩኝ ብል ደስ ይለኛል። ለ15 አምፔር የሚሆነው የፊውዝ ሽቦ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቮላ በተቃጠለ ቁጥር የተገኘውን የመዳብ ቁራጭ ማሰር በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ከባለ 2.5 ሽቦ የተቆረጠ አንድ ደፍን ቁራጭ ከታሰረ ግን እስኪቀልጥ ድረስ ወደ 190 አምፔር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ፊውዝ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ያሳዩት። እርስዎ ራስዎ እንዳይነኩት። የድሮ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት ገላጣውን ነው የሚቀመጠው።

«ቆጣሪው ይቀንሳል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አይቀንስም። ቆጣሪ የሚቆጥረው የተጠቀሙበትን ነው። አዲስ ሳጥን ምጣዱን ትንሽ በላተኛ አያደርገውም። ሂሳቡ ከበዛብዎ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውድ እርከን ይወጣል። የእርስዎና የሁለት ተከራዮች ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ውዱ እርከን ላይ መድረስ ቀላል ነው። መፍትሔው ለኪራይ ክፍሎቹ የራሳቸውን ቆጣሪ መጠየቅ ነው። ከሳጥኑ ጋር አይገናኝም።

ሦስት ፌዝስ፣ ማለትም በአንድ ፋንታ በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር መጠቀሙስ? ሁሉም ነገር አንድ ላይ ቢበራ እንኳ እንቁጠረው። ምጣድ 16፣ ቦይለር 7፣ የተከራዮቹ ሁለት ስቶቭ ወደ 12፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖሎች 3። ድምሩ 38 አምፔር። የቆጣሪዎን ፊት ያንብቡ። ብዙዎቹ የነጠላ ፌዝ ቆጣሪዎች ላይ 5(60) የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለተኛው ቁጥር ቆጣሪው የሚችለው ከፍተኛው አምፔር ነው። 60 ካለ ለእናንተ ቤት ይበቃል። ሦስት ፌዝ የሚያስፈልገው ወፍጮ፣ የብረት መበየጃ ወይም ትልቅ የውሃ ፓምፕ ለሚያስነሳ ሰው ነው። ወይም ግቢው ውስጥ ፎቅ ለመሥራት ላሰበ። ሦስት ፌዝ የገባበት ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) አንድ ቀን ከተበጠሰ 220 የለመደው ቴሌቪዥን እስከ 380 ሊደርስበት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መብራቱ ለምን ይደበዝዛል? ይህን ሳያውቁ ሳጥን መቀየር በጭፍን መሄድ ነው። የሚደበዝዝበት ቦታ ሦስት ሊሆን ይችላል። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው እስከ ሳጥኑ፣ ወይም ከሳጥኑ እስከ ኩሽናው። ለመለየት ቮልት መለኪያና አንድ ምጣድ ይበቃል። ባለሙያው ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቮልት ይለካ። ከዚያ ምጣዱን አብርቶ እዚያው ይለካ። ቀጥሎ ኩሽና ሶኬቱ ላይ ይለካ።

ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ቮልት ምጣዱ ሲበራ ከ220 ወደ 190 ከወረደ ችግሩ የእርስዎ አይደለም። ከፖሉ የሚመጣው ገመድ ቀጥኗል፣ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ሰፈሩን መሸከም አቅቶታል። አቃቂም ሆነ ገላን፣ ሰበታም ሆነ ለገጣፎ፣ ከተማዋ በሰፋችበት አቅጣጫ ሁሉ የተለመደ ነገር ነው። ትራንስፎርመሩ ሲተከል የነበረው ቤት ጥቂት ነው፤ ዛሬ በየግቢው ሰርቪስ ተሠርቷል። ለዚህ የወርቅ ሳጥን ቢሰቅሉም ፋይዳ የለውም። ወደ መብራት ኃይል ሄደው ወይም በ905 ደውለው ማስመዝገብ ነው። ለጊዜው ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስቶቭ በሚያበራበት በምሽቱ ሰዓት አለመጋገር ይረዳል። በ190 ቮልት 3500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2600 ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚለው አንዳንዴ በሊጡ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ነው።

ቆጣሪው ጋ 215 ሆኖ ኩሽና ውስጥ 200 ከሆነ ግን ጥፋቱ ግድግዳዎ ውስጥ ነው። ባለ 1.5 ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ምጣድ ሲሸከም በመንገድ ላይ ብቻ ወደ 7 ቮልት ተኩል ያጠፋል። 120 ዋት ያህል ሙቀትም እዚያው ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ቮልቱ ከዚህም በላይ ከወረደ አንድ ቦታ የላላ መጋጠሚያ አለ። ጣሪያ ሥር ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለበትን ቦታ ይፈልጉ። ጠቁሮ ያገኙታል።

አንድ ምልክት ካዩ ግን መለካቱን ይተዉትና ቶሎ ያጥፉ። መብራቱ አንዳንዴ ከመደብዘዝ ይልቅ ከልክ በላይ ቦግ የሚል ከሆነ፣ በተለይ ጎረቤት አንድ ነገር ሲያበራ ወይም ሲያጠፋ፣ የኒውትራል መስመሩ ከውጭ ሊበጠስ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም በአንድ ደቂቃ ይዞ ይሄዳል። ዋናውን አጥፍተው ይደውሉ።

ከሁሉም ይበልጥ ማውራት የምፈልገው ስለ ምጣዱ ነው። እኛ አገር የቤት ኤሌክትሪክ ችግር ግማሹ ምጣድ ነው ብል አላጋነንኩም። የፈረንጅ መጽሐፍ ስለ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ ይጽፋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ 16 አምፔር እየጎተተ፣ በላዩ ሊጥ የሚፈስበት ዕቃ ግን አያውቅም። መጀመሪያ የምጣዱን መሰኪያ ገልብጠው ይዩት። ከሁለቱ የብረት ዘንጎች በአንዱ ሥር ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ካበጠ ምጣዱ ተራ ሶኬት ላይ መሰካት እንደሌለበት እየነገርዎት ነው። ተራ ሶኬት 16 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ቢሆንም ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ አልታሰበም። ውስጡ ያለው ምላስ ይላላል፤ የላላ ነገር ይግላል፤ የጋለ ነገር ደግሞ የበለጠ ይላላል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ሁለተኛው የምጣድ ነገር መንዘር ነው። የሚግለው ሽቦ የተቀበረው ሸክላው ሥር ባሉ ቦዮች ውስጥ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ወይም እርጥበት ሲጠጣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል ይሾልካል። ምጣዱ እየነዘረ ጣውላ ላይ ቆመው ወይም የጎማ ነጠላ ጫማ አድርገው የሚጋግሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሰፈሩም «ምጣድ እኮ ትንሽ ይነዝራል» ብሎ ተቀብሎታል። ይህ ጤነኛ ነገር አይደለም። የዛሬው ትንሽ ንዝረት ወለሉ ውሃ ባለበት ቀን ሰው ይገድላል።

ለዚህ ነው ከብሬከሩ ቁጥር ይልቅ ግራውንዱ፣ ማለትም የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ የሚያሳስበኝ። እርስዎ በጥያቄዎ አልጠቀሱትም። በዚያ ዕድሜ ያለ ቤት ግራውንድ ባይኖረው አይገርመኝም። ሶኬትዎ በጎንና በጎኑ ሁለት የብረት ምላሶች ቢኖሩት እንኳ ከኋላቸው ሽቦ አለ ማለት አይደለም። ለጌጥ የቀሩ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱንና ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ያገናኝና «ግራውንድ ሠራሁልህ» ይላል። ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የፍሪጁ በር 220 ቮልት ይሆናል። እንዲህ ተሠርቶ ካገኙት ያስፈቱት። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ዛሬ ዋጋ የለውም፤ ግማሹ መስመር ፕላስቲክ ሆኗል።

ትክክለኛው ግራውንድ ከቤቱ ውጭ መሬት ውስጥ የሚቀበር መዳብ የለበሰ ዘንግ ነው። ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ 2.4 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የአቃቂ ጥቁር አፈር ለዚህ ሥራ ሁለት ጠባይ አለው። በክረምት እርጥብ ስለሚሆን ኤሌክትሪክ በደንብ ይቀበላል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይለያያል። ስለዚህ ዘንጉ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች ይውረድ። በረንዳ ጥግ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ እርጥበት በማያጣው በኩል ይተከል። ዘንጉ ከመሬት ጋር ምን ያህል እንደተገናኘ የሚታይበት ልኬትም በመጋቢት ይሁን እንጂ በነሐሴ አይሁን። ጨውና ከሰል መሙላት የቆየ ዘዴ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላል። አንድ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሮ ማገናኘት ይሻላል።

ግራውንድ ብቻውን ግን አይበቃም። ዘንግዎ ሲለካ 20 ኦም ሆነ እንበል (ኦም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታው ተቃውሞ መለኪያ ነው)፤ ለቤት መጥፎ አይደለም። ምጣዱ ወደ ብረቱ ቢያሾልክ በዘንጉ በኩል የሚያልፈው 11 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ነው የሚያየው። ዝም ይላል። ምጣዱም እንደነዘረ ይቆያል። ይህን የሚይዘው አርሲዲ የሚባለው ነው። በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይቆጥራል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም እዚያ ሲደርስ በቅጽበት ያጠፋል። ለአሮጌ ቤት ከአዲሱ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

አርሲዲ የማይሠራውንም ይወቁ። ሽቦ ሲጫንበት አያጠፋም፤ ያ የብሬከር ሥራ ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል ቢይዝ አያድነውም፤ የወጣውና የተመለሰው እኩል ነውና። ልጆች ባሉበት ቤት ሶኬት ውስጥ ሚስማር የሚጨምር እጅ አለ። ስለዚህ ክዳን ያለው ሶኬት ይግዙ።

አርሲዲ በተተከለ ሳምንት አንድ የታወቀ ድራማ ይጀምራል። ምጣድ ሲጣድ ያጠፋል። ቤተሰቡ ይናደዳል። ሠራተኛው ይጠራና አርሲዲውን በሽቦ ዘሎ ያገናኘዋል። «ዕቃው ስሱ ነው» ይላል። ዕቃው ስሱ አይደለም፤ ምጣዱ እያሾለከ ነው። ምጣዱን አድርቀው ይሞክሩ፤ ካልሆነ ሸክላውን ያስቀይሩ። ሁለተኛው ምክንያት የሽቦ አሠራር ነው። በአሮጌ ቤት የአንዱ ክፍል ኒውትራል ከሌላው ተበድሮ ይገኛል። አርሲዲ ካለፈ በኋላ ኒውትራሎች ከተደባለቁ ያለ ምክንያት ያጠፋል። መፍትሔው መለየት ነው፤ አድካሚ ነው፣ ግን የግድ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ሳጥኑን ይቀይሩ፤ ግን ሳጥኑ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ግራውንዱ ይተከል። ቀጥሎ ለምጣዱ ከሳጥኑ ሥር የሚነሳ የራሱ መስመር ይዘርጋ። ባለ 6 ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ መጨረሻው ላይ ሶኬት ሳይሆን ማጥፊያ ያለው ቀጥተኛ ማያያዣ ወይም ለከባድ ጭነት የተሠራ 32 አምፔር መሰኪያ። ብዙዎች ባለ 4 ሽቦ ይበቃል ይሏችኋል። ይበቃል፤ ለአጭር ርቀት። እኔ ግን የምጣድን ሽቦ አጥብቤ አልሠራም።

ሳጥኑ ራሱ ባለ 40 አምፔር ዋና ማጥፊያ ይኑረው፤ ከቆጣሪው እስከ እሱ ባለ 10 ሽቦ። ከሥሩ ሁለት አርሲዲ። አንዱ ለምጣድና ለቦይለር፣ ሌላው ለተቀረው ቤት። ምጣዱ ሲያሾልክ ሳሎኑ አብሮ እንዳይጨልም ነው። አምፖሎች በባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር፤ ሶኬቶች በባለ 2.5 ከ16፤ ቦይለሩ ለብቻው 16። ጓሮ ያሉት ክፍሎች በባለ 4 ሽቦ ከ20 አምፔር፣ ለራሳቸውም አርሲዲ። ጥቂት ባዶ ቦታ የሚተርፈው ሳጥን ይግዙ። ዛሬ የሞላ ሳጥን ነገ በጎኑ ሌላ ሳጥን ያስለጥፋል። በቮልት መዋዠቅ ለሚቸገር ሰፈር ቮልቱ ከ250 ሲያልፍ ወይም ከ180 ሲወርድ የሚያጠፋ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያም እዚያው መግባት አለበት። መልሶ ሲያበራ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይስተካከል። ለፍሪጁ ሞተር ነው።

ሳጥኑ የት ይሰቀል? የድሮው ቦታ ላይ መመለስ የግድ አይደለም። ኩሽና ውስጥ እንፋሎት አለ። የቆርቆሮው ውሃ በሚወርድበት ግድግዳ ላይም አይሆንም። ከፖሉ የሚመጣው ገመድ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። ቀጥ ብሎ ከገባ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ እስከ ቆጣሪው ድረስ ይወርዳል። ከብረት ሳጥን በታች የውሃ መስመር ያለበት የዝገት ዱካ ካዩ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ስለ ግዢው አንድ ሁለት ነገር። መርካቶ ውስጥ ጥሩውም አስመስሎ የተሠራውም ጎን ለጎን ነው የሚሸጠው። የደፍን ባለ 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 1.78 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ባለ 1.5 ደግሞ 1.38። ባለሙያው መለኪያውን ይዞ ይምጣ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ያድርገው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ይመልሱት። ብሬከሩ ፊት ላይ ሲ16 ወይም ሲ25 ዓይነት ምልክት፣ ከሥሩም በአራት ማዕዘን ውስጥ 6000 ወይም 4500 የሚል ቁጥር ይኖራል። የኮንታክት ጊዜ ሳይፈነዳ ማቋረጥ የሚችለው አምፔር ነው። ይህ ቁጥር የሌለውን አይግዙ። ከመጠን በላይ የቀለለውንም አይግዙ።

የቆጣሪውን ማኅተም ማንም እንዳይቆርጥ። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለው የአገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የእርስዎ። ሥራው በሚሠራበት ቀን መስመሩ ከላይ እንዲቋረጥ በደንቡ ያመልክቱ። «በጓንት እሠራዋለሁ፣ ማጥፋት አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ቡናውን አጠጥተው ይሸኙት። ከውጭ የሚመጣው ገመድ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ መታሰር የለበትም፤ ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ አለ። ጄኔሬተር ካለዎት ደግሞ ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው በመቀያየሪያ ማብሪያ ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ባለው ገመድ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው፣ ፖል ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የሚቀረው ያረጀው ሽቦ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስቀየር ካልቻሉ አይጨነቁ። ግን የሚቀረው ይለካ። የሽቦውን ሽፋን ጤንነት በሚያሳይ በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ ሲፈተሽ ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሚያሳይ መስመር አዲስ ሳጥን ላይ አይገናኝም፤ ይቆረጣል። የተሻለ ያሳየው በትንሽ ብሬከር፣ ለአምፖል ብቻ፣ 6 ወይም 10 አምፔር ይደረግለት። የጨርቅ ወይም የጎማ ሽፋን ያለው ሽቦ ከሆነ ግን ልኬቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ አይትረፍ። ሲነኩት ይፈረፈራልና። ኮርኒሱ ሥር አይጥ የበላውንም አብረው ያስፈትሹ። አዲሱን መስመር በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ከመቅበር በፕላስቲክ ቱቦ በላይ ላይ መዘርጋት ይሻላል። አያምርም። ግን ነገ ሲበላሽ ግድግዳ ሳይፈርስ ይታያል።

ለተከራዮቹ አሁኑኑ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ውሃን ወዲያው የሚያሞቅ የሻወር ዕቃ እንዳይተክሉ። ብዙውን ጊዜ 5500 ዋት ነው፣ ብቻውን 25 አምፔር ይወስዳል። ይህን ሁሉ የሠራነውን ስሌት ያፈርሰዋል። ከፈለጉ የራሳቸው ቆጣሪ ከገባ በኋላ፣ በራሳቸው መስመር።

ሥራው ሲያልቅ ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት ሦስት ነገር ዓይንዎ እያየ ይደረግ። የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ተጭኖ መጥፋቱ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ ራስዎ በየወሩ ይጫኑት። የግራውንዱ ኦም ተለክቶ ቁጥሩ በሳጥኑ በር ላይ ይጻፍ። ምጣዱ ተጥዶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ባለሙያው የምጣዱን ብሬከርና የሽቦውን ማሰሪያ ሙቀት ይፈትሽ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል፤ መስመሩ ጠፍቶ እንደገና ይጠበቅ።